የራውተር ጠረጴዛ በአሮጌ ካቢኔት ላይ፦ ከእንጨቱ እስከ መብራቱ

የእንጨት ራውተር፣ ማለትም በፍጥነት በሚዞር ቢላ እንጨት የሚቀርጸው የእጅ ማሽን፣ ጠረጴዛ ሥር ተገልብጦ ሲታሰር ሌላ ማሽን ይሆናል። በእጅ ስትሠሩ ማሽኑ ይሄዳል፣ እንጨቱ ይቆማል። እዚህ ማሽኑ ቆሞ እንጨቱ ይሄዳል። የጠባብ ሊስትሎን (ቀጭን የእንጨት ጥብጣብ) ጠርዝ ማሳመር፣ የበር ፍሬም ማጎድጎድ፣ አንድ ዓይነት ቁራጭ ደጋግሞ ማውጣት፣ ይሄ ሁሉ በእጅ ሲሆን ያስጨንቃል። ጠረጴዛ ላይ ግን ይቀላል።

ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ትናንሽ የራውተር ጠረጴዛዎች ብዙዎቹ ከቀጭን ላሜራ የተሠሩ ናቸው። እግራቸው ይንቀጠቀጣል፣ መሃላቸው ይሰምጣል። የቢላው እግር፣ ማለትም ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ዘንግ፣ 12 ሚሊሜትር የሆነውን ትልቁን ራውተር ደግሞ አይችሉትም። እኔ ወርክሾፕ ጥግ የቆመ አሮጌ የኪችን ካቢኔት እመርጣለሁ። ሳጥን ስለሆነ በቀላሉ አይጣመምም። ይከብዳል። ሰጋቱራውንም ጩኸቱንም ውስጡ ያስቀራል። ገንዘብና ጊዜ የሚገባው ሁለት ነገር ላይ ነው፦ ቀጥ ያለ ገጽ እና ትክክለኛ ማብሪያ ማጥፊያ። የቀረውን ቤት ባለው ነገር መሥራት ይቻላል።

ካቢኔቱን ማጠንከር

ካቢኔቱን ባዶ አድርጉት። ሁለቱን የላይ ማዕዘኖች ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉት። ከተወዛወዘ ችግሩ ያለው ጀርባው ላይ ነው። የኪችን ካቢኔት ጀርባ ብዙ ጊዜ 3 ሚሊሜትር የምትሆን ስስ ሰሌዳ ናት፣ እሷም በትናንሽ ሚስማር የተያዘች። አውጥታችሁ ጣሏት። በምትኩ 12 ሚሊሜትር ፕላይውድ በኮላ ለጥፉና ዙሪያውን በየ15 ሳንቲሜትሩ በቪቲ እሰሩት። እንደገና ግፉት። ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ውስጡ ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር ስፋትና 35 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ክፍት ቦታ ይኑረው። ራውተሩ የሚይዘው ከዚህ ያነሰ ነው። ነገር ግን ቢላ ለመቀየር ሁለት እጃችሁና ሁለት መፍቻ አብረው ይገባሉ። ከላይ መሳቢያ ካለ ወጥቶ ይቅር። ፊቱን በር ላይ ብትለጥፉት ካቢኔቱ መልኩን አያጣም።

ካቢኔቱ ከቺፑድ የተሠራ ከሆነ የቺፑድ ጠርዝ ላይ የገባ ቪቲን አትመኑ። ንዝረት ሲበዛበት ቀዳዳው ይፈረፈርና ቪቲው ባዶውን ይዞራል። ውስጡ አራቱም ማዕዘን ላይ 4 በ 5 ሳንቲሜትር ሞራሌ አቁሙ። ከላይ ደግሞ 5 በ 7 ሳንቲሜትር ሞራሌ ዙሪያውን እሰሩ። ሞራሌውን ከካቢኔቱ ጎን ጋር የሚያይዘው 8 ሚሊሜትር ብሎን ይሁን። ከዳር እስከ ዳር ይለፍ፣ በሁለቱም በኩል ሰፊ ሮንዴላ ይኑረው። እንጨቱ ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ደርቆ ሲጣመም ገጹንም ይዞት ይጣመማል።

አሁን አንድ ቀላል ግን ወሳኝ ፍተሻ አለ። ሁለት ሲባጎ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን፣ በሰያፍ፣ አጥብቃችሁ ወጥሩ። መሃል ላይ ሲገናኙ ለጥቂት ብቻ መነካካት አለባቸው። አንዱ ሌላውን ከተጫነ ወይም በመካከላቸው ክፍተት ከታየ የሞራሌው ፍሬም አንድ ማዕዘኑ ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል። ከዚያ የላዩን ክር ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ቀይሩና ድገሙት። ከፍ ያለውን በመላጊያ አውርዱ፣ ወይም ዝቅ ባለው ሥር ስስ ሽብልቅ አስገቡ። ውሃ ልክ ይሄን በደንብ አያሳይም፤ ክሩ ግን ያሳያል።

ከወለል እስከ ጠረጴዛው ገጽ 90 ሳንቲሜትር አካባቢ ለብዙ ሰው ይመቻል። ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ አራቱ ማዕዘኖች ሥር 10 ሚሊሜትር ብሎን እንደ እግር ግጠሙና በዳዶ አስተካክሉ። ቦታው ቋሚ ከሆነ ካቢኔቱን በፊሸር ከግድግዳው ጋር እሰሩት። ጎማ የምትገጥሙ ከሆነ አራቱም ጎማ ፍሬን ይኑረው።

ገጹ

ለገጽ የምመክረው ሁለት ባለ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ) ተለጥፎ 36 ሚሊሜትር ሲሆን ነው። መጠኑ 60 በ 80 ሳንቲሜትር ይበቃል። ከካቢኔቱ ፊት ለፊትና ከሁለቱ ጎን ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ወጣ ይበል። ያ ከንፈር ከሌለ ሞርሳ የምትጨብጡበት ቦታ አይኖራችሁም፣ በኋላ ደግሞ ማስተካከል ይከብዳል።

ሁለቱን ስትለጥፉ የምትለጥፉበት ወለል ቀጥ ያለ ይሁን። ኮላ ሲደርቅ ያለበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ በተጣመመ ጠረጴዛ ላይ የተለጠፈ ገጽ ተጣሞ ይወለዳል። ኮላውን ሙሉ ገጹ ላይ በጥርስ ባለው መጥረጊያ አዳርሱ። ዙሪያውን በሞርሳ ያዙ። መሃሉ ላይ ሁለት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ከረጢት አስቀምጡበትና እስከ ማግስቱ አትንኩት።

ከዚያ ፎርማይካ በማስቲሽ ለጥፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቆጥበው ነገር አለ፤ ላዩን ብቻ ይለጥፍና ሥሩን ይተወዋል። እርጥበት ባዶ በሆነው በኩል ይገባል፣ በሌላው በኩል አይገባም፣ በወራት ውስጥ ገጹ ይጎብጣል። ሥሩንም ለጥፉ። ሥሩ ስለማይታይ የተበላሸ ቀለም ያለው ርካሽ ፎርማይካ ይበቃዋል። የተቆረጡትን ጠርዞች በቫርኒሽ ዝጉ።

ኤምዲኤፍ ካልተገኘ ለኮንክሪት ፎርምወርክ የሚውለው ጥቁርና ልሙጥ ፕላይውድ ይሆናል። ገጹ ያንሸራትታል፣ ውሃም ይችላል። ግን አዲስ ግዙ። ሳይት ላይ የሠራ ከሆነ ሲሚንቶው ቢራገፍም ቀጥነቱ አይመለስም።

ፕሌቱ

ራውተሩ በቀጥታ በ36 ሚሊሜትር ገጽ ሥር ከታሰረ ቢላው በቂ ወደ ላይ አይወጣም። ስለዚህ መሃል ላይ ቀጭንና ጠንካራ ፕሌት ይገባል። 8 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ከሁሉ የተሻለ ነው፣ 6 ሚሊሜትርም ይሠራል። የተለመደው መጠን 30 በ 23.5 ሳንቲሜትር ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ መፈለግ ያዋጣል። ስትገዙ ብረት ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱና ሁለቱንም ሰያፍ ፈትሹ። አክሪሊክ ወይም ፕላስቲክ ግን አልመክርም። መጀመሪያ ቀጥ ይላል፣ ራውተሩ ተንጠልጥሎበት ሲከርም ግን መሃሉ ይወርዳል።

የቢላውን ቀዳዳ ከመብሳታችሁ በፊት ራውተሩን እሰሩ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ከራውተሩ ሥር ያለውን የፕላስቲክ ሳህን ፍቱ። ባለ ሁለት ገጽ ቴፕ አድርጋችሁ ፕሌቱ ላይ ለጥፉት። በሳህኑ ቀዳዳዎች በኩል የብሎኖቹን ቀዳዳ ፕሌቱ ላይ ብሱና ሳህኑን አንሱ፤ ከዚያ የብሎኑ ራስ እንዲሰምጥ አፉን አስፉት። ራውተሩን በብሎን እሰሩና ጫፉ ሹል የሆነ ቢላ ግጠሙ። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ቢላውን ፕሌቱ እስኪነካ አውርዱና በእጃችሁ አዙሩት። የተጫረችው ነጥብ ትክክለኛዋ መሃል ናት። አሁን ፈታችሁ ፕሌቱን ቶርኖ ቤት ውሰዱ። ለትልልቅ ቢላ 60 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያውጡላችሁ፤ ዙሪያውን ደረጃ ይኑረው፣ እሱ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ሦስት ቀለበቶችም ያብጁ። ትንሽ ቢላ በሰፊ ቀዳዳ መሃል ሲሠራ የእንጨቱ ጫፍ ወደ ቀዳዳው ይገባና ይሰበራል፣ ጣትም ይከተላል።

የብሎኑ ርዝመት ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። የድሮው ብሎን ለስስ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ ለ8 ሚሊሜትር ያጥራል። ሲተካ ጥርሱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ በጣም ረጅም ከሆነ ደግሞ ውስጥ ገብቶ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ይነካል።

አሁን ገጹ ላይ ፕሌቱን የሚቀበል ጉድጓድ ይወጣል። ፕሌቱን ከፊት ጠርዝ 20 ሳንቲሜትር ያህል አግቡና አስቀምጡት። ቀጥ ያሉ አራት የፕላይውድ ቁራጮች ዙሪያውን አስጠግታችሁ በባለ ሁለት ገጽ ቴፕና በሞርሳ አጥብቁ። በቁራጮቹና በፕሌቱ መካከል አንድ ወረቀት ይግባ፣ በኋላ ፕሌቱ እንዳይነክስ። ፕሌቱን አንሱ። ኩሽኔታው ከላይ ያለ ቢላ ግጠሙና ቁራጮቹን ተከትላችሁ ዙሩ። ጥልቀቱ የፕሌቱ ውፍረት ሲደመር 1 ሚሊሜትር ነው። በአንድ ጊዜ አይደለም፣ በሦስት በሦስት ሚሊሜትር። የፕሌቱ ማዕዘን ክብነት ከቢላው ክብነት ጋር መመሳሰል አለበት፤ ካልተመሳሰለ የፕሌቱን ማዕዘን በሊማ አስተካክሉ።

ከዚያ መሃሉን በጂግሶ ቁረጡና ጣሉ፤ ዙሪያውን 20 ሚሊሜትር ደረጃ ይቅር። ራውተሩ የሚንጠለጠለው በዚያ ደረጃ ላይ ስለሆነ አታሳንሱት።

የቀረችው አንድ ሚሊሜትር ሥራ አላት። አራቱ ማዕዘን ላይና በረጅሙ ጎን መሃል ላይ፣ በድምሩ ስድስት ቪቲ ደረጃው ውስጥ አስገቡ። ፕሌቱ የሚያርፈው በቪቲዎቹ ራስ ላይ ነው። ስታጠብቁ ይወርዳል፣ ስታላሉ ከፍ ይላል። ብረት ማስመሪያውን ከገጹ ወደ ፕሌቱ አጋድሙና በጣታችሁ ጥፍር መገናኛውን ዳብሱ። ጥፍር ከያዘ እንጨትም ይይዛል። ከማስመሪያው ሥር አንድ የፎቶኮፒ ወረቀት መግባት የለበትም። ሲስተካከል ፕሌቱን በአራት ብሎን ወደ ታች እሰሩት።

ራውተሩና ከፍታው

የሚጠልቀው ዓይነት ራውተር ውስጡ ስፕሪንግ አለው። ተገልብጦ ሲታሰር ያ ስፕሪንግ ማሽኑን ወደ ታች ይገፋል፣ ክብደቱም ወደ ታች ይስባል። ቢላ በግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ ትግል ይሆናል። ራውተሩ ለጠረጴዛው ብቻ ከሆነ ስፕሪንጉን አውጡ፤ በአንዳንዱ ሞዴል ከአንድ ቪቲ አይበልጥም። በፌስታል አድርጋችሁ ካቢኔቱ በር ላይ አንጠልጥሉት፣ ወደ እጅ ሥራ ስትመልሱት ያስፈልጋል።

ከፍታ ማስተካከያ ውድ ሊፍት አያስፈልገውም። ካቢኔቱ ወለል ስላለው ትንሽ የመኪና ክሪክ ሥሩ ይቀመጣል። በራውተሩ ጀርባና በክሪኩ መካከል የእንጨት ድጋፍ አድርጉ፤ ድጋፉ የሞተሩን የአየር ቀዳዳ እንዳይደፍን መሃሉን ክፈቱት። የክሪኩን ማዞሪያ በበሩ ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጡት። አንድ ዙር ስንት ሚሊሜትር እንደሚያነሳ ለክታችሁ በሩ ላይ ጻፉ። ከፍታው ከተገኘ በኋላ የራውተሩ የራሱ መቆለፊያ ይጠበቅ። የሚያነሳው ክሪኩ ነው፣ የሚይዘው ግን መቆለፊያው።

ቢላ ስትገዙ እግሩን ለኩ። ባለ 12 ሚሊሜትር እና ባለ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊሜትር፣ በዓይን ይመሳሰላሉ። 6 ሚሊሜትር እና ሩብ ኢንች፣ 6.35 ሚሊሜትር፣ ደግሞ ጭራሽ አይለዩም። ቀጭኑ እግር ሰፊው ኮሌት (የቢላውን እግር ጨብጦ የሚይዘው አፍ) ውስጥ ገብቶ የጠበቀ ይመስላል፤ ሲሠራ ግን ይንሸራተትና ይወጣል። ስትገጥሙ እግሩን እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ ከዚያ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ወደ ላይ መልሱና አጥብቁ።

ጋይዱ

ጋይድ እንጨቱ ተደግፎት የሚገፋበት ቀጥ ያለ መደገፊያ ነው። ሁለት የ18 ሚሊሜትር ፕላይውድ ቁራጭ፣ አንዱ የሚተኛ፣ አንዱ የሚቆም። ርዝመታቸው 80፣ የሚቆመው ከፍታው 12 ሳንቲሜትር። መሃላቸው ላይ ቢላው የሚገባበት 7 ሳንቲሜትር ክፍተት ይውጣ። ከኋላ በየ20 ሳንቲሜትሩ ሦስት ማዕዘን ደጋፊ በኮላና በቪቲ ይግባ። በስኳድራ 90 ዲግሪ መሆኑን ሙሉ ርዝመቱ ላይ ፈትሹ፣ ጫፍና ጫፉን ብቻ አይደለም።

ጋይዱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆኑ ግድ አይደለም። ቢላው ክብ ነው፣ ከየትኛውም አቅጣጫ ያው ነው። ስለዚህ አንዱን ጫፍ በአንድ ብሎን እሰሩት፣ ሌላውን በሞርሳ ጨብጡት። ለማስተካከል ሞርሳውን አላልታችሁ ጫፉን ገፋ ታደርጋላችሁ። ቢላው ያለው መሃል አካባቢ ስለሆነ ጫፉ 2 ሚሊሜትር ሲሄድ ቢላው ጋ 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይንቀሳቀሳል። ይሄ ባሕርይ ጥቃቅን ማስተካከያ በነፃ ይሰጣችኋል።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ራውተር ጠረጴዛ ላይ ሲታሰር የራሱ ማብሪያ ተቆልፎ ይቀመጣል። አሁን እየሠራችሁ መብራት ጠፋ እንበል። ማሽኑ ቆመ። ቢላ ለመቀየር እጃችሁን አስገባችሁ። መብራት መጣ።

ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ከዚህ አያድናችሁም፤ እንደበራ ይጠብቃችኋል። መፍትሔው ባለ ኮንታክተር ማብሪያ ነው፤ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ያለው። መብራት ሲጠፋ ኮንታክተሩ ይለቃል፣ መብራት ሲመለስ አረንጓዴውን እስክትጫኑ ድረስ ማሽኑ አይነሳም። እኔ በዚህ ጉዳይ ድርድር የለኝም። ሳጥኑን ካቢኔቱ ፊት ለፊት ግጠሙት፤ ቀዩ ትልቅ ይሁንና እጃችሁ እንጨት ይዞ እያለ በጭናችሁ ልትገፉት የምትችሉበት ቦታ ይሁን።

1800 ዋት ራውተር በ220 ቮልት ከ8 አምፔር ትንሽ በላይ ይስባል። 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ፣ ባለ 16 አምፔር ማቋረጫና እውነተኛ ኧርዝ ይኑረው። ሥራውን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡ። አረንጓዴና ቀይ ሆኖ ውስጡ ተራ ማብሪያ የሆነም ስላለ፣ ከተገጠመ በኋላ ቢላ ሳይኖርበት ማሽኑን አስነሱ፣ ማቋረጫውን አውርዳችሁ መልሱ፣ ዝም ማለቱን በዓይናችሁ እዩ።

ሰጋቱራ

የጋይዱ ክፍተት ጀርባ ላይ ትንሽ ሳጥን ሠርታችሁ 50 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቧንቧ ግጠሙ፣ ቫኪዩም ይያያዛል። የካቢኔቱን በር ግን ድፍን አታድርጉት። ሞተሩ አየር ካላገኘ ይቃጠላል። በሩ ታች ላይ ሁለት 6 ሳንቲሜትር ቀዳዳ አውጡ። የኤምዲኤፍ ብናኝ ደቃቅ ነው፣ ሳንባ ድረስ ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ ከመደበ ቆይቷል። ማስክ አድርጉ፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያም እንደዚሁ።

የመጀመሪያው ሥራ

እንጨቱ የሚገፋው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ማሽኑ ስለተገለበጠ ከላይ ስታዩት ቢላው ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ይዞራል፤ ከቀኝ ስትገፉ ቢላው ይታገላችኋል፣ እንጨቱንም ወደ ጋይዱ ያስጠጋላችኋል። ከግራ ከገፋችሁ ቢላው እንጨቱን ነጥቆ ይወረውረዋል፣ እጃችሁም ይከተለዋል። እንጨት በጋይዱና በቢላው መካከል አሳልፋችሁ በጭራሽ አትቁረጡ። ጓንት አይደረግም።

ፍጥነቱ በቢላው ስፋት ይወሰናል። 20 ሚሊሜትር ቢላ በደቂቃ 22,000 ዙር ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። 80 ሚሊሜትር የበር ፓኔል ቢላ በዚያው ፍጥነት ከ330 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ እስከ 25 ሚሊሜትር ሙሉ ፍጥነት፣ እስከ 50 ሚሊሜትር 16,000 አካባቢ፣ ከዚያ በላይ 10,000 እስከ 12,000። ቢላው ላይ የተጻፈ ገደብ ካለ እሱ ይቅደም። ራውተራችሁ ፍጥነት መቀነሻ ከሌለው ትልልቅ ቢላ አትግዙለት።

መጀመሪያ የሚጣል የዋንዛ ቁራጭ ሞክሩ፣ ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው። 3 ሚሊሜትር ብቻ አውጡ። የተቆረጠውን ገጽ ብርሃን ላይ አጋድማችሁ እዩት። ተደጋጋሚ ትናንሽ ሞገዶች ካሉ ቶሎ ገፍታችኋል ወይም ኮሌቱ ላልቷል። ጥቁር የተቃጠለ መስመር ካለ ዘግይታችኋል ወይም ቢላው ደንዝዟል። መጨረሻው ላይ ድንገት ጎድጎድ ካለ ፕሌቱና ገጹ አልተስተካከሉም፤ ወደ ስድስቱ ቪቲ ተመለሱ።

ጥቂት ቀን ከሠራችሁበት በኋላ ፕሌቱን አንሱና ራውተሩን የያዙትን ብሎኖች፣ የሞራሌውንም፣ እንደገና አጥብቁ። እንጨቱ ቦታውን ስለሚይዝ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይላላሉ።